የእትዬ አስካለ የጾም ኬክ

ልጅ ሳለሁ ተረት የዳቦ ሽታ ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር። ያኔ ሁሉም ሰው ናዝሬት በሚላት አዳማ፣ ከጋሪ መቆሚያው ብዙም ሳይርቅ፣ ብዙ ቤተሰብ ተጠጋግቶ በሚኖርበት አንድ ግቢ ውስጥ፣ የእኛ ቤትና የእትዬ አስካለ ቤት አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋሩ ነበር። እትዬ አስካለ ዳቦ ሲጋግሩ ተረት ያወራሉ፤ ተረት ማውራት ሲያምራቸውም ዱቄት ያቦካሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እሳት ላይ ያለ ዳቦ ክዳኑ ያለጊዜው ከተከፈተ መሃሉ ይሰምጣል፤ የግቢው ልጆች ደግሞ ሽታው አፍንጫችን ከገባ በኋላ «አልደረሰም? እስቲ እንየው» ማለት አናቆምም። ስለዚህ እጃችንን የሚሰበስቡልን በተረት ነበር። «ክዳኑን የነካ ልጅ ጅቡ ምን እንዳለ አይሰማም» ይሉናል፤ እኛም እጃችንን ጉያችን ውስጥ ከተን ደጃፋቸው ላይ እንደረደራለን።

ፎርኖ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የነበራቸው ትልቅ ብረት ድስት ነው። ከሥሩ የታጠበ አሸዋ አንጥፈውበት ከሰል ላይ ይጥዱታል፤ አሸዋው ሲግል ሊጡን ዘይት በተቀባ ቆርቆሮ አድርገው እላዩ ላይ ያስቀምጡና፣ ድስቱን በብረት ክዳን ከድነው በክዳኑ ላይ ደግሞ ፍም ይደረድሩበታል። ከላይም ከታችም እሳት ማለት ነው። ያኔ መብራት በየምሽቱ ይጠፋ ስለነበር የፋኖሷ ብርሃን የፊታቸውን ግማሽ ብቻ ያሳየናል፤ ሌላው ግማሽ ከፍሙ ቅላት ጋር ይመጣል፣ ይሄዳል። ነፋሱ የከተማችንን አቧራ ከአመዱ ጋር አደባልቆ ዓይናችን ውስጥ ሲሞጅረው እንኳ ከቦታው የሚነቃነቅ ልጅ አልነበረም።

እትዬ አስካለ ባላቸውን በሞት ካጡ የቆዩ ሴት ነበሩ። ባልየው በሕይወት ሳሉ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ ነበርና፣ መጋገሩን የተማሩት ከጣቢያው ቡፌ ሴቶች እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ልጃቸው ሞጆ ስለምትሠራ የልጅ ልጃቸውን ማህሌትን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ማህሌት እኩያዬና ጓደኛዬ ነበረች። የእኔ እናት ዘይነባ ከወሎ የመጣች ልብስ ሰፊ ናት፤ አባቴ የአርሲ ሰው፣ ሚኒባስ ይዞ አርሲ ነገሌ የሚመላለስ ሾፌር። እነሱ ክርስቲያን፣ እኛ ሙስሊም ነን፤ ከሥጋው በቀር ግን ከዚያ ቤት ወደዚህ ቤት የማይሻገር ሳህን አልነበረም።

አንድ ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ የማህሌት ልደት ተከበረ። እትዬ አስካለም የዘወትሩን ዳቦ ትተው እንቁላል የተመታበት፣ ወተት የገባበት፣ ቢጫነቱ ዓይን የሚስብ ኬክ ጋገሩ። ከዚያ በፊት እንቁላል በቀመስኩ ቁጥር አፌን ያሳክከኝ ነበር፤ እናቴ ግን «ሰሚራ መሞላቀቅ ታበዛለች» ከማለት በቀር ከነገር አልቆጠረችውም። የዚያን ቀን እትዬ አስካለ ከማህሌት ቀጥሎ ለእኔ ቆረሱና በእጃቸው አጎረሱኝ። በጣም ይጣፍጥ ነበር። ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልጨርስ ከንፈሬ ከበደኝ፤ ምላሴ የእኔ ያልሆነ ያህል አፌን ሞላው፤ ቀጥሎ ደግሞ አየሩ ጠበበ። ልጆቹ ሲጮኹ ይሰማኛል። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ እንዴት እንደደረሰች አላውቅም፤ የማስታውሰው የትከሻዋን ላብ፣ ቀጥሎም የጋሪውን ንዝረት ነው። ባለጋሪው በኦሮምኛ «ደፊ! ደፊ!» እያለ ባዝራይቱን ያጣድፋታል፤ እናቴ ደግሞ ጆሮዬ ሥር «አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ እናት» ትለኛለች። እንድበረታ ነው፤ ድምጿ ግን ከእኔ በላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሐኪም ቤት ደርሰን መርፌ ተወጋሁ። ትንፋሼ ሲመለስ፣ ሐኪሙ እናቴን ምን ምን እንደበላሁ አንድ በአንድ ጠይቆ ጨረሰና «እንቁላል ነው» አላት። «ሰውነቷ አይቀበለውም። ከዛሬ ጀምሮ እንቁላል ያለበት ነገር አፏ እንዳይገባ። ዛሬ ደርሳችኋል፤ ሌላ ጊዜ ላትደርሱ ትችላላችሁ።»

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል እናቴ ላይ ተተከለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሷ እጅ በቀር ከማንም እጅ እንዳልበላ ተከለከልኩ። ለጎረቤት ለማስረዳት ሞክራ ነበር፤ የሚያምናት ግን አልተገኘም። «እንቁላል? እንቁላል ሰው ሲገድል የት ታየ? ለሕፃን ከእንቁላል የተሻለ ምን አለ!» ይሏታል። ደጋግማ መናገሩን ፈራችው። በተለይ ለእትዬ አስካለ መናገር፣ «ልጄን ሊገድላት የነበረው የእርስዎ ኬክ ነው» ማለት ሆኖ ታያት። ዝም ማለቱ የሚሻል መሰላት።

ዝምታ ግን ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ ሰው የየራሱን ይሞላበታል። ከግቢው ሴቶች አንዷ፣ ስሟን ባላነሳ ይሻላል፣ በውሃ ቧንቧው ዙሪያ «ዓይን ነው እንጂ ምን እንቁላል! ያጎረሰቻት ማን ናት?» አለች። ወሬው ከቧንቧው ተነስቶ ከሁሉም ደጃፍ ደረሰ። በዚያው ሳምንት ማህሌት በሰፌድ የተሸፈነ ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች። «አያቴ ናት የላከችው፤ ሰሚራ ተሽሏት እንደሆነ ጠይቂ ብላኛለች።» እናቴ ሰፌዱን ገልጣ ዳቦውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ምን እንደገባበት አታውቅም። መጠየቅም አልቻለችም። በመጨረሻ «አላህ ይስጥልኝ በያት፤ በልተናል» ብላ እንዳለ መለሰችው።

ዳቦ የያዘ ሳህን ከነዳቦው መመለስ በእኛ ግቢ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ማህሌት ያን ሳህን ተሸክማ ግቢውን ስታቋርጥ የሁሉም ሰው ዓይን ተከተላት።

ከዚያ በኋላ ተረቱ ለእኔ የግድግዳ ተረት ሆነ። ምሽት ላይ እናቴ አጠገቧ አስቀምጣ ጨርቅ ታስለቅመኛለች፤ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ደግሞ የእትዬ አስካለ ድምፅ ይሰማኛል። ቃሉ አይለይም፤ ከፍ ሲል ዝሆን፣ ቀጠን ሲል ጦጣ፣ ሲጎተት ጅብ እንደሆነ ብቻ እገምታለሁ። ልጆቹ ሲስቁ ምን እንዳሳቃቸው ሳላውቅ ትንሽ ፈገግ እላለሁ። ከዚያ ሽታው ይመጣል። ግድግዳው ቃል እንጂ ሽታ አይከለክልም ነበርና ዳቦው መድረሱን ከደጃፉ ልጆች እኩል አውቃለሁ፤ ያኔ ከሕመሙ ይልቅ ያ ይከብደኝ ነበር። ሞትን ያህል ነገር አምልጬ የሚያስለቅሰኝ የጅቡ መጨረሻ ሆነ።

ዐቢይ ጾም ገባ። አንድ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስሄድ እትዬ አስካለ ባልዲያቸውን ሞልተው ሊነሱ ሲሉ ድንገት ተገናኘን። «እንደምን አደሩ እትዬ» አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ ዓይናቸውን ባልዲው ላይ እንደተከሉ፣ «እግዜር ይመስገን የኔ ልጅ፣ ደህና ነሽ?» አሉኝና ወደ ጎን ዞረው አለፉ። በማግስቱም እንዲሁ። እኔ ወዳለሁበት ፊታቸው ሲዞር ነጠላው ቀድሞ ይመጣል። የተቀየሙኝ መሰለኝ።

ማታ እናቴን ጠየቅኳት። «እማ፣ እትዬ አስካለ ለምን አታየኝም? ታናግረኛለች፤ ግን አታየኝም። እኔ ስመጣ ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች።»

እናቴ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። ወሬው የት ድረስ እንደሄደ፣ ማን ጋ እንደደረሰ፣ ያቺን ደቂቃ ነው የገባት። አሮጊቷ ሴትዮ ስለ ዓይናቸው የተወራውን ሰምተዋል፤ ሰምተውም አልተጣሉ፣ አልተከራከሩ፤ ምናልባት እውነት ቢሆንስ ብለው ዓይናቸውን ከእኔ አሽሽተዋል። «ያ አላህ! እኔ ምን አደረግኩ» አለች እናቴ። ጫማ እንኳ ሳታደርግ፣ እጄን ይዛ፣ የእትዬ አስካለን በር አንኳኳች።

እትዬ አስካለ በሩን ከፍተው እኔን ሲያዩ እጃቸው ወደ ነጠላቸው ሄደ። እናቴ እጃቸውን ያዘችው።

«እትዬ፣ አይሸፈኑ። ይቅር በሉኝ።»

«ኧረ ዘይነባ፣ ምን ሆነሻል? ምን አጠፋሽና?»

«ልናገርዎ ሲገባ ዝም አልኩ። ዓይን አይደለም፤ ማንም አይደለም። ሐኪሙ እንቁላል ነው ብሎኛል። ሰውነቷ እንቁላል አይችልም። የማንም እንቁላል ቢሆን፣ በእኔም እጅ ቢሆን ያው ነበር። ዳቦውንም የመለስኩት ፈርቼ ነው እንጂ እርስዎን ንቄ አይደለም።»

እትዬ አስካለ «እንቁላል?» አሉ።

«እንቁላል።»

«እንቁላል ብቻ?»

«እንቁላል ብቻ፣ እትዬ።»

«በስመ አብ ወወልድ! አንቺ ሴትዮ፣ እኛ እኮ ጾም ላይ ነን! እቤቴ እንቁላል የሚባል ከጠፋ ስንት ጊዜው! ልጅቷን በርሃብና በተረት ጥም ከምታሰቃዪያት መጥተሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ሲጀምር እናቴ እያለቀሰች ሳቀች፤ ምክንያቱም ሰው የሚቆጣው የራሴ የሚለውን ነውና።

እንግዲህ ይህ ነገር ከተነገራቸው በኋላ እትዬ አስካለ ዕረፍት አጡ። የጾም ዳቦ መጋገሩ አንድ ነገር ነው፤ እሳቸው የፈለጉት ግን ያቺን የልደት ኬክ ነበር። «የታመመችበትን ነው ደህና አድርጌ የማበላት» አሉ። ዳቦ ስጡኝ ብል እንኳ አይሰሙኝም ነበር። ቅቤውን በዘይት ተኩት፤ ይሄ ቀላል ነው። በወተት ፈንታ ሱፍ ቀቅለው፣ ወቅጠው፣ በጨርቅ አጥልለው ነጭ ውሃውን አወጡ፤ ይሄንንም በየጾሙ የሚያደርጉት ነው። ያስቸገራቸው እንቁላሉ ነበር። «እንቁላል ሥራው ማያያዝ ነው» ይላሉ ብቻቸውን፣ ሱፉን እየወቀጡ። «ዱቄቱን ማን ይያዝልኝ? ማን ይሰብስብልኝ?»

መጀመሪያ በደንብ የበሰለ ሙዝ ፈጭተው ሞከሩ። ሽታው ልብ ይሰውር ነበር፤ ሲወጣ ግን መሃሉ እርጥብ፣ ሲቆርጡት ከቢላዋው ጋር የሚጎተት ሆነ። «ይሄ ጭቃ ነው» ብለው ማህሌትና እሳቸው በማንኪያ በሉት። ተልባውን ያሰቡት በማግስቱ፣ ለቁርጠት ሲጠጡ ነው። ብርጭቆውን ዘንበል አድርገው ያዩት፣ ይመልሱት፣ ደግሞ ያዘነብሉት ጀመር። «ዘይነባ! ነይማ እዪ! ይሄ እንዴት እንደሚዝለገለግ አየሽው? ከእንቁላል ነጭ በምን ይለያል?»

ተልባ በየሱቁ አለ። አባቴ ግን እንቢ ብሎ ከአርሲ ነገሌ ገበያ፣ እህሉ በጆንያ ከሚደረደርበት፣ አዲስ የገባ ተልባ አስመርጦ ይዞ መጣ። ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ። «የልጄ ኬክ ከሆነ እንክርዳድ ያለበት አይገባበትም» አለ። እትዬ አስካለ ሞቅ አድርገው ቆሉት፣ ወቅጠው ነፉት፣ በለብ ያለ ውሃ ዘፈዘፉት። ትንሽ ቆይተው ማንኪያ ሲያነሱበት ክር ሠራ።

የዚያን ምሽት ግቢው ውስጥ መብራት አልነበረም። ፋኖሷ ከደጃፉ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች። እናቴ በራሷ ፈቃድ ሳይሆን በእትዬ አስካለ ትእዛዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆማ አየች። «የሚገባውን ሁሉ በዓይንሽ እዪ፤ ነገ ራስሽ ትጋግሪላታለሽ» አሏት። ድስቱን በአመድ ፈግፍገው አጥበውታል። የድሮውን አሸዋ ደፍተው አዲስ አንጥፈዋል። የቀድሞው ቆርቆሮ እንቁላል ነክቶታል ብለው ሌላ አስቆርጠዋል። ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ የሱፉ ውሃ፣ ተልባው፣ ትንሽ ቤኪንግ ፓውደር፤ በመጨረሻ ጠብታ አቼቶ ሲጨመርበት ሊጡ እሽሽ ብሎ አረፋ ሠራና እኔና ማህሌት ጮህን። ቆርቆሮው ወደ ድስቱ ገባ፣ ክዳኑ ተገጠመ፣ ፍሙ ከላይ ተደረደረ። ከዚያ እትዬ አስካለ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። የግቢው ልጆች ያቺን ምልክት ያውቋታል፤ ከየበሩ ወጡ።

«አንዲት ጅብ ነበረች» ብለው ጀመሩ። «ጅብ ብትሆንም ደግሳ ማብላት የምትወድ። አንድ ቀን አውሬውን ሁሉ ጠርታ አጥንቱን እንደ ተራራ ከመረችው። ሁሉም ቆረጠመ። ሚዳቋ ብቻ ጥግ ይዛ ቁጭ አለች። 'ብዪ እንጂ' ብትላት፣ 'እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ' አለች። ጅቢቱ በገነች። 'ቤቴ ሸቷት ነው! ንቃኝ ነው!' እያለች አገር ለአገር ዞረች። ከዚያ አንዲት ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆና፣ 'አንቺ ጅቢት፣ ለመሆኑ የሚዳቋን ጥርስ አይተሽው ታውቂያለሽ?' አለቻት። 'የእንግዳ ጥርስ ምን አገባኝ?' 'ሂጂና እዪዋ።' ሄደች። 'እስቲ አፍሽን ክፈቺ' አለቻት። ሚዳቋ እየፈራች ከፈተች። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጥርሷ እንኳን አጥንት፣ እንጨትም አይሰብር። የሣር ጥርስ ነው!»

እዚህ ላይ እናቴ ከኋላዬ ድምፅ ስታሰማ ሰማኋት። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም።

«ጅቢቱ አፈረች» ሲሉ ቀጠሉ፣ እናቴን ሳያዩ። «በማግስቱ በዚያ አጥንት በሚፈጭ መንጋጋዋ ሣር ልታጭድ ወጣች። አታውቅበትማ! እሾሁንም፣ እንክርዳዱንም፣ ሳማውንም አንድ ላይ አግበስብሳ ሚዳቋ ደጅ ዘረገፈችው። 'እንቺ፣ እኔ ቅጠል አላውቅም፤ የማትበዪውን እያወጣሽ ብዪ' አለቻት። ሚዳቋም መርጣ በላች። ጅቢቱ ግን ሣሩ በየጥርሷ መሃል ገብቶባት፣ ይኸው እስከ ዛሬ በጨለማ እየዞረች ኡዉዉ የምትለው ያን ልታወጣ ስትታገል ነው።»

ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ፤ ማህሌት ጥርሷን በጣቷ እየጎረጎረች ኡዉዉ አለች። እናቴ ግን ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ጅቢቱ እርስዎ ነዎት ማለት ነው?» አለች።

«ሁላችንም በተራችን ጅብ እንሆናለን፣ ልጄ። አሁን ዝም በይ፤ ሽታው መጣ።»

እውነትም መጥቶ ነበር። በዚህ ጊዜ ከግድግዳ ወዲህ ሆኜ አይደለም የሸተተኝ። እትዬ አስካለ ፍሙን በመቆስቆሻ አንስተው ክዳኑን ሲከፍቱ እንፋሎቱ ከፋኖሷ ብርሃን ጋር ተቀላቅሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ከሥሩ ቡናማ፣ ከፍ ያለ፣ መሃሉ ያልሰመጠ ኬክ ታየ። ከተልባው የተነሳ ነጠብጣብ ነበረበት፤ እንደ ልደቱ ኬክ ቢጫ አልነበረም። ለእኔ ግን ከዚያ በላይ የሚያምር ነገር አልታየኝም።

መጋገሩ አልቆ መብላቱ ሲመጣ ፍርሃቱ ተመለሰ። እናቴ መጀመሪያ ራሷ በላች። ቀጥላ ከጥፍር የማይበልጥ ቆርሳ አፌ ውስጥ አደረገችው። እኔም ፈራሁ፤ አልዋጥ ብሎኝ ምላሴ ላይ ለረጅም ጊዜ ያዝኩት። ሁሉም ከንፈሬን ያያል። እትዬ አስካለ ብቻ ፊታቸውን ወደ ከሰሉ መልሰው፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበውት ነበር። ሐኪሙ ያለውን ቢያምኑም ልባቸው ገና አላመነም።

እናቴ ይህን አየች። ፋኖሷን ከሚስማሩ አውርዳ ሰጠቻቸው። «እትዬ፣ ይዩዋት» አለች። «እኔ ፈርቼ በደንብ አይታየኝም። እርስዎ ይዩልኝ።»

እትዬ አስካለ ፋኖሷን ተቀበሉ። ከፍ ሲያደርጓት ጥላችን ግድግዳው ላይ ተወዛወዘ። ፊቴ ድረስ አስጠግተው፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ አዩኝ። ከንፈሬን አዩ፤ ዓይኔን አዩ፤ አገጬን ቀና አድርገው አንገቴን አዩ። እኔም አየኋቸው። ከልደቱ ቀን ወዲህ ፊታቸውን ሙሉውን ያየሁት ያኔ ነው፤ የዓይናቸው ሽፋሽፍት ላይ አመድ ነበረበት።

«ደህና ናት» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው የተረት ድምፅ አልነበረም። «ምንም አልሆነችም። ደህና ናት።»

«እንግዲያው በእጅዎ ያጉርሱልኝ» አለች እናቴ።

አጎረሱኝ። አንዱን ውጬ ሌላ ጠየቅኩ። ልጆቹ «ለእኛስ?» እያሉ መጡ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግርግር ብቻ ነው።

ዒድ ሲደርስ እናቴ ያንኑ ኬክ በራሷ እጅ ጋገረችው። ግቢውን ሁሉ ጠራች፣ ያቺንም የቧንቧ ሴትዮ ጭምር። እትዬ አስካለን ከፊት አስቀመጠቻቸው፤ ሰው ሁሉ እያየ ኬኩን ቆርሰው እንዲያጎርሱኝ ለመነቻቸው። እሳቸውም አጎረሱኝ። ስለ ወሬው አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም፤ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ በቧንቧው ዙሪያም አልተነሳም። ሴትዮዋ ራሷ ሁለተኛ ቁራሽ ስትጠይቅ አስታውሳለሁ። ተልባ እንዳለበት ሲነግሯት አላመነችም።

ዛሬ እዚሁ አዳማ የራሴን ልጆች አሳድጋለሁ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጋገሪያ አለኝ፤ አሸዋም ፍምም አልነካም። እንቁላል ግን እስከ ዛሬ አልቀምስም፤ ልጆቼም ሳይጎድላቸው ያለ እንቁላል ኬክ በልተው አደጉ። አልፎ አልፎ ጎረቤት ታንኳኳለች፤ አንዷ ጾም ገብቶ የልጇ ልደት ደርሶባት፣ ሌላዋ ወተት የማይስማማው ልጅ ኖሯት። እቤቷ ምን እንዳለ እጠይቃታለሁ። ሱፍ የሌላት ኦቾሎኒ አይጠፋትም፤ ተልባ ያልወደደች ሙዝ ትፈጫለች፤ ሙዙን ግን ትንሽ አድርጊው እላታለሁ፣ ጭቃ እንዳይሆንብሽ። ኬኩ እስኪወጣ ስናወራ ልጆቹ ይሰበሰባሉ፤ እኔም ሳላስበው አንዲት ጅብ ነበረች እላለሁ።

ባለፈው ዓመት እናቴንና ልጆቼን ይዤ ሞጆ ሄድኩ። እትዬ አስካለ በልጃቸው ቤት ናቸው። በጣም አርጅተዋል፤ ከደጃፋቸው ከባድ መኪኖች ሲያልፉ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ እሳቸው ግን አይሰሙትም። ኬኩን ከፊታቸው አስቀምጬ፣ ጆሯቸው ሥር ሆኜ፣ ለልጆቼ ነገርኳቸው። የልደቱን ቀን፣ ተልባውን፣ ፋኖሷን፣ ሁሉንም። እትዬ አስካለ እያዳመጡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስጨርስ ወደ እናቴ ዞር ብለው፣ «ማን ናት እንደዚህ ያደረገችላት?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ እትዬ» አለች እናቴ።

«እኔ?» ብለው ሳቁ። «ኧረ እኔ አላስታውስም። እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።» ከዚያ ከኬኩ ቆርሰው ለትንሿ ልጄ አጎረሷት።

መጀመሪያ ከፋኝ። ሕይወቴን ሙሉ ይዤው የኖርኩትን ምሽት እሳቸው ዘንድ ላገኘው አልቻልኩም ነበር። ወደ አዳማ ስንመለስ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ እናቴ በመስኮቱ በኩል ሜዳውን እያየች፣ ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ያን ምሽት እንደ ታላቅ ሥራ ቢቆጥሩት ኖሮ ባልረሱት ነበር። ለእሳቸው ግን የጎረቤት ልጅ ናት፤ እንቁላል አይስማማትም፤ ስለዚህ ሌላ ነገር ተፈልጎ በላች፤ አለቀ። እንዲህ ያሉ ስንት ምሽቶች እንደነበሯቸው፣ ስንት ልጅ በእጃቸው ጎርሶ እንደሄደ ማን ያውቃል። እሳቸው ይርሱት። የተቀበለው ሰው ካስታወሰ ይበቃል።